ከኮንሰርት ማግስት ጆሮዬ ለምን ይጮሃል?

 

ሰሞኑን በውስጥ መስመር ከደረሱኝ ጥያቄዎች አንዱ እንዲህ ይላል፦ «ዶክተር፣ ወልዲያ ነው ያለሁት። ቅዳሜ ማታ የሙዚቃ ድግስ ላይ ከሞንታርቦው ፊት ለፊት ቆሜ ስጨፍር አመሸሁ። ይኸው ዛሬ ሰኞ ነው፣ ግራ ጆሮዬ ጭውውው ማለቱን አልተወም። ሰው ሲያወራኝ ከውሃ ውስጥ ሆኖ የሚያወራ ይመስለኛል። ድምፁ ግን ቆንጆ ነበር እኮ! ምን ላድርግ?»

ተመሳሳይ ጥያቄ ከመርሳም ከሐብሩ ገጠር ቀበሌዎችም ይደርሰኛል። እዚያ ደግሞ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ኮንሰርት ሳይሆን ሰርግ ነው። ድንኳን ውስጥ ሁለት ትልልቅ ሞንታርቦ ተገትሮ እስከ ንጋት ይጮሃል። ለጆሮ ልዩነት የለውም። ስለዚህ ዛሬ ትንሽ ረዘም አድርገን እንማማር።

ድምፅ ሲበዛ ጆሮ ውስጥ ምን ይሆናል?

በውስጠኛው ጆሯችን ቀንድ አውጣ የመሰለች፣ በፈሳሽ የተሞላች ትንሽ አካል አለች። እሷ ውስጥ በእያንዳንዱ ጆሮ ወደ 15 ሺህ የሚጠጉ ፀጉር መሰል ሴሎች ተሰልፈዋል። የድምፅ ሞገድ ሲመጣ ጫፋቸው ይወዛወዛል፣ ያንን እንቅስቃሴ ወደ ኤሌክትሪክ መልእክት ቀይረው በነርቭ በኩል ወደ አንጎል ይልኩታል። የስንዴ ማሳ በነፋስ ሲተኛና ሲነሳ አስቡት። ለስለስ ያለ ነፋስ ከሆነ ሰብሉ ተመልሶ ይቆማል። አውሎ ነፋስ ከሆነ ግን ይተኛል፣ የተሰበረውም አይነሳም።

ያ የጭውታ ስሜት የተኛ ሰብል ምልክት ነው። በአብዛኛው በአንድ ሁለት ቀን ይመለሳል፣ «ተሻለኝ» ተብሎም ይረሳል። ችግሩ እዚህ ጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በአይጦች ላይ የተሠራ የታወቀ ጥናት የመስማት ልኬታቸው ሙሉ በሙሉ ወደ ቦታው ከተመለሰ በኋላ እንኳ በሴሎቹና በነርቩ መካከል ያለው መገናኛ በብዛት ጠፍቶ እንደቀረ አሳይቷል። በምርመራ «ደህና ነህ» የተባለ ሰው ጫጫታ ባለበት ቦታ ወሬ የማይገባው በዚህ ምክንያት ሊሆን እንደሚችል ይታሰባል።

የሞተ ፀጉር መሰል ሴል ደግሞ በሰው ልጅ ላይ ዳግም አይበቅልም። ዶሮ ታበቅላለች! ቀልድ አይደለም፣ ወፎች ይህን ሴል ይተካሉ። እኛ ግን ይዘን የተወለድነውን ይዘን ነው የምንኖረው።

መጀመሪያ የሚጎዳው ቀጭኑን ድምፅ የሚሰማው ክፍል ነው፣ በ4000 ኸርዝ አካባቢ ያለው። በአማርኛ እንደ ሰ፣ ሸ፣ ፈ፣ ጸ ያሉት ፊደሎች ድምፅ ቀጭን ነው። ስለዚህ ታካሚው «አልሰማም» አይልም፣ «እሰማለሁ ግን አይገባኝም፣ ሰው ሁሉ ማጉረምረም ጀመረ» ነው የሚለው። ቤተሰብ ደግሞ «ቴሌቪዥኑን ምን አስጮኸህ?» ይላል። በ60 ዓመት መምጣት የነበረበት ነገር በ30 ሲመጣ ያሳዝናል።

ስንት ሰዓት ይፈቀዳል?

የድምፅ መጠን በዴሲቤል ይለካል። ይህ መለኪያ ግን እንደ ኪሎ አይደለም፦ በየ3 ዴሲቤሉ የድምፁ ጉልበት እጥፍ ይሆናል፣ የሚፈቀደው ጊዜም በግማሽ ይቀንሳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው 80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ይበቃል ይላል። 90 ሲደርስ 4 ሰዓት ብቻ ይቀራል። 95 ላይ አንድ ሰዓት ከሩብ። 100 ላይ ወደ 20 ደቂቃ። ልብ በሉ፣ በሳምንት ነው ያልኩት!

ትልልቅ ኮንሰርቶች 100 ዴሲቤል አካባቢ መድረሳቸው የተለመደ ነው። 4 ሰዓት ያለ መከላከያ የቆመ ሰው እንግዲህ የ12 ሳምንት ድርሻውን በአንድ ማታ ጨረሰ ማለት ነው። ድርጅቱ ከ1 ቢሊዮን በላይ ወጣቶች በኤርፎንና በጭፈራ ቤት ድምፅ የተነሳ ለአደጋ ተጋልጠዋል የሚለው ዝም ብሎ አይደለም።

መለኪያ የለኝም ካላችሁ ቀላል ዘዴ አለ። በክንዳችሁ ርቀት ላይ ላለ ጓደኛችሁ ለመናገር መጮኽ ካስፈለጋችሁ ድምፁ ከ85 ዴሲቤል አልፏል። ጆሮው ላይ ተለጥፋችሁ የምትጮኹ ከሆነማ በቃ፣ በጣም አልፏል። የስልክ አፖችም አሉ፣ ግምት ይሰጣሉ እንጂ እንደ እውነተኛ መለኪያ አትመኑዋቸው።

«ድምፁ ቆንጆ ነበር» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ይህን ጥያቄ ስለምወደው ትንሽ ልቆይበት። ብዙ ሰው ጩኸትን ከጥራት ጋር ያምታታል። አዘጋጆችም ያምታታሉ።

እስቲ ወደ ኋላ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1965 ቢትልሶች ኒው ዮርክ በሚገኘው ሺ ስታዲየም ከ55 ሺህ በላይ ሰው ፊት ተጫወቱ። በጊዜው የነበራቸው የድምፅ ማጉያ ለዚያ ሁሉ ሕዝብ የሚበቃ አልነበረም። የልጃገረዶቹ ጩኸት ሙዚቃውን ዋጠው፣ ተጫዋቾቹም ራሳቸውን መስማት አቃታቸው። ከዚያ በኋላ ውድድሩ ሕዝቡን በድምፅ ማሸነፍ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1976 ዘ ሁ የሚባለው የእንግሊዝ የሮክ ባንድ ለንደን ቻርልተን ስታዲየም ውስጥ ከሞንታርቦዎቹ 32 ሜትር ርቀት ላይ 126 ዴሲቤል ተለካለት። ጊነስ የዓለም ሪከርዶችም «ከፍተኛ ድምፅ ያለው ባንድ» ብሎ መዘገበው። በኋላ ግን ሰው ጆሮውን እንዲያጠፋ ማበረታታት ነው ብሎ ያንን ዘርፍ ጭራሽ ተወው። የባንዱ ጊታር ተጫዋች ፒት ታውንሰንድ የመስማት ጉዳትና የጆሮ ጩኸት እንዳለበት ለዓመታት በአደባባይ ተናግሯል። የኮልድፕሌዩ ክሪስ ማርቲንም እንዲሁ። የኤሲዲሲው ብራያን ጆንሰን ደግሞ በ2016 እ.ኤ.አ. በሐኪም ምክር ጉብኝቱን አቋርጧል። ሙዚቃ እንጀራቸው የሆነ ሰዎች ናቸው እንግዲህ።

እኛም ጋ ሕዝቡ ትልቅ ነው። ቢዮንሴ በጥቅምት 2000 ዓ.ም. የተጫወተችበት ሚሌኒየም አዳራሽ፣ ቴዲ አፍሮ በጥር 2010 ዓ.ም. ያቀነቀነበት የባሕር ዳር ስታዲየም፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀውና 25 ሺህ ያህል ሰው የሚይዘው የወልዲያው ሼህ ሙሐመድ ሁሴን አሊ አላሙዲ ስታዲየም፤ ሁሉም ለድምፅ አስቸጋሪ ቦታዎች ናቸው። ስታዲየም ለኳስ እንጂ ለዜማ አልተሠራም። ድምፅ በሰከንድ ወደ 343 ሜትር ነው የሚጓዘው፣ ስለዚህ ከመድረኩ 100 ሜትር ርቆ የተቀመጠ ሰው የዘፋኙን ከንፈር ካየ ከሩብ ሰከንድ በላይ ዘግይቶ ነው የሚሰማው። ጭብጨባ ከዚያኛው ጥግ ጋር አልገጥም የሚለው ሕዝቡ ምት ስለማያውቅ አይደለም! በዚያ ላይ የሲሚንቶ መቀመጫው ድምፁን እየመለሰ ይወረውራል። ጥሩ ባለሙያ ማጉያዎቹን ከፍ አድርጎ ይሰቅላል፣ ራቅ ብለው የሚቆሙትንም ድምፃቸውን ትንሽ አዘግይቶ ከመድረኩ ጋር ያስማማል። ያላወቀበት ደግሞ ቁልፉን እስከ መጨረሻ ያዞረዋል። ያኔ ማጉያው ከአቅሙ በላይ ሆኖ ድምፁ ይሰነጠቃል፣ ግጥሙ አይለይም፣ የሚሰማው ቡም ቡም ብቻ ይሆናል።

ጆሯችን ራሱም በጣም ከፍ ባለ ድምፅ ላይ ነገሮችን አጥርቶ መለየት ያቅተዋል። ስለዚህ አንዳንድ ጊዜ መድፈኛ ያደረገ ሰው ከጎኑ ካለው የተሻለ ግጥሙን ይለያል። ሞክሩትና ታዩታላችሁ።

«ካልጮኸ ግን ሞቅ አይልም!»

ይህ ክርክር ሁሌም ይመጣል፣ ግማሽ እውነትም አለው። ወፍራሙ ድምፅ፣ ቤዝ የምንለው፣ በደረታችንና በሚዛን መጠበቂያ አካላችን ጭምር ይሰማናል፣ ለእንቅስቃሴም ይገፋፋል። በ2022 እ.ኤ.አ. የካናዳው ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በቀጥታ ኮንሰርት ላይ በጆሮ የማይለይ እጅግ ወፍራም ድምፅ እየከፈቱና እየዘጉ ሲለኩ፣ ሲከፈት ሰዎቹ በ11.8 በመቶ የበለጠ ተንቀሳቅሰዋል። መከፈቱን ግን አላወቁም። እንግዲህ አስተውሉ፦ ያስጨፈራቸው ጆሮ የሚሰነጥቅ ጩኸት አልነበረም።

ደግሞስ ለወሎ ሰው ይህ ይነገራል? ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ከወሎ ጋር ስማቸው የተሳሰረ ቅኝቶች ናቸው፣ አምባሰል ተራራው ራሱ ከሐብሩ ጎረቤት ነው። የመንዙማ ድቤ፣ የሰርግ ሆታ፣ የላስታ አሸንድዬ፣ የራያ ቆቦ ሶለል ሰውን ከመቀመጫው የሚያስነሱት ያለ አንድ ሞንታርቦ ነው። አውራጅ ያወጣል፣ ተቀባይ ይቀበላል፣ ሙቀቱ ከዚያ ይመጣል። ኮንሰርት ላይም ዘፋኙ ማይኩን ወደ ሕዝቡ ሲያዞር የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያም ሙዚቃው ይቁም አይልም። በ15 ደቂቃ አማካይ ከ100 ዴሲቤል አይለፍ፣ ድምፁ እየተለካ ይሁን፣ ለታዳሚው መድፈኛ ይቅረብ፣ ጆሮ የሚያርፍበት ጸጥ ያለ ቦታ ይዘጋጅ ነው የሚለው። የኛ አዘጋጆች ይህን ቢያነቡ ደስ ይለኛል። ከአንድ ተጨማሪ ማጉያ ኪራይ አንድ ካርቶን መድፈኛ ይረክሳል።

እኔስ ምን ላድርግ?

ከሞንታርቦ ፊት አትቁሙ። ገላጣ ቦታ ላይ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ድምፁ በ6 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል፣ ይህም የሚፈቀደውን ጊዜ በአራት እጥፍ ያረዝማል። ድንኳን ውስጥ ግን ድምፁ ስለሚታፈን ይህን ያህል አትጠብቁ፣ ወጣ እያላችሁ ጆሯችሁን አሳርፉ። መጠጥ የቀመሰ ሰው ጥንቃቄው ስለሚላላ ሳያውቀው ወደ ማጉያው እየተጠጋ ይሄዳል፣ ጓደኛ ጎተት ያድርገው።

ኢርፕላግ የሚባለው የስፖንጅ የጆሮ መድፈኛ በትልልቅ ፋርማሲዎች ይገኛል። በጣት ጠቅልላችሁ ታቀጥኑትና ጆሮን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አድርጋችሁ ታስገቡታላችሁ፣ እስኪነፋም በጣት ያዝ። በ2015 እ.ኤ.አ. አምስተርዳም በተካሄደ የሙዚቃ ድግስ ላይ 51 ሰዎች በዕጣ ተከፍለው ግማሾቹ መድፈኛ አደረጉ፣ ድምፁ በአማካይ 100 ዴሲቤል፣ ቆይታው 4 ሰዓት ተኩል ነበር። መድፈኛ ካላደረጉት ጆሮዎች 42 በመቶው ለጊዜው መስማታቸው ሲቀንስ ካደረጉት ግን 8 በመቶው ብቻ ናቸው። ጥጥና ሶፍት ግን አትመኑ፣ ድምፁን እምብዛም አይቀንሱም፣ ቁራጩም ውስጥ ይቀራል።

ለወልዲያው ወንድሜ፦ ለጊዜው ከጫጫታም ከኤርፎንም ራቅ። ዘይት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የጤና አዳም ጭማቂ ጆሮህ ውስጥ እንዳትጨምር፣ ጉዳቱ ያለው እነሱ በማይደርሱበት ቦታ ነው፣ ታምቡርህ ተቀዶ ከሆነ ደግሞ ያባብሱታል። አንተ ጋ ሁለት ቀን አልፏል፣ የአንድ ጆሮ መስማትም ቀንሷል። ይህ የሚጠበቅ ነገር ስላልሆነ ዛሬውኑ ወደ ሆስፒታል ሂድ፣ የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ስፔሻሊስት እንዲያይህ ጠይቅ። ድንገተኛ የመስማት መቀነስ ሲሆን ሐኪሙ ስቴሮይድ የሚባል መድኃኒት ሊያዝ ይችላል፣ እሱም ይበልጥ የሚጠቅመው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሲጀመር ነው። ሁለት ሳምንት ካለፈ ዕድሉ እየጠበበ ይሄዳል። ጓደኛ እንዲሰጥህ ወይም ራስህ ከፋርማሲ ገዝተህ እንድትጀምር ግን አይደለም፣ ስኳርና ግፊት ላለበት ሰው መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ማዞር፣ ፈሳሽ ወይም ደም ካለ አንድ ቀንም አታሳድር።

አንድ ነገር ስለ ተኩስ። ሰርግ ላይ በደስታ የሚተኮስ አንድ ጥይት ከ140 ዴሲቤል በላይ ነው፣ እዚህ ላይ የደቂቃ ሂሳብ የለም፣ በአንድ ጊዜ ይጎዳል። በአካባቢያችን ደግሞ በጦርነቱ ወቅት ከባድ መሣሪያ አጠገባቸው የፈነዳባቸው ብዙ ሰዎች አሉ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ጆሯችሁ የሚጮህ ከሆነ ወይም ወሬ ለመለየት ከተቸገራችሁ የመስማት ምርመራ አድርጉ። የቀረው የመስማት አቅማችሁ ከሌላው ሰው ስለሚያንስ ከሞንታርቦ ይበልጥ መራቅ ያለባችሁም እናንተ ናችሁ።

እናቶች ደግሞ ሕፃን አዝላችሁ ድንኳን ውስጥ ስትገቡ ልጁ «ጮኸብኝ» ማለት አይችልም። ቢተኛም ጆሮው አይተኛም። የስፖንጅ መድፈኛ ለሕፃን አይሆንም፣ ሊውጠው ይችላል። ከውጪ ጆሮን የሚሸፍን የልጆች መከላከያ ካላገኛችሁ ሙዚቃው ሲጀመር ራቅ ያለ ቤት ውስጥ ከአንድ ሰው ጋር አስቀምጡት።