ርካሹ መርሴዲስ ኤስኤል 500

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። የ2004 ሞዴል መርሴዲስ ኤስኤል 500 በርካሽ አግኝቻለሁ። ልግዛው?

መልስ፦ ባለ 5 ሊትሩ ቪ8 ሞተር ዘይቱ በወቅቱ ከተቀየረለት ብዙ ያገለግላል፤ እሱ አያሳስብዎ። እኔን የሚያሰጋኝ ኤቢሲ የሚባለው፣ በዘይት ግፊት የሚሠራው ሰስፔንሽን ነው። መኪናው ቆሞ ሲያድር በአንድ ጎኑ ክፉኛ ዝቅ ካለ ወይም ዳሽቦርዱ ላይ ማስጠንቀቂያው ከበራ ዘይት እያፈሰሰ ወይም ግፊቱ እየወረደ ሊሆን ይችላል። አሜሪካ ውስጥ ፓምፑን ብቻ ማስቀየር ከ1,000 ዶላር በላይ ሊያስወጣ ይችላል፤ አራቱም እግሮች ከተበላሹማ ወጪው የመኪናውን ዋጋ ሊስተካከል ይችላል።

ፍሬኑም ኤሌክትሮኒክ ነው። የፍሬኑ መቆጣጠሪያ ክፍል ፔዳሉ ስንት ጊዜ እንደተረገጠ ይቆጥራል፤ ገደቡ ሲሞላ ያስጠነቅቃል። ቀይ የፍሬን ማስጠንቀቂያ ከበራ እባክዎ ፈጽሞ አይንዱት! ከመግዛትዎ በፊት የሻሲ ቁጥሩን ይዘው የመርሴዲስን ወኪል ስለ ፍሬኑ ዋስትና ይጠይቁ።

ተጣጣፊ ጣሪያውንም ደጋግመው ከፍተው ይዝጉት። የኋላ ሻንጣውን ምንጣፍም ይዳስሱ፤ እርጥብ ከሆነ ውሃው እዚያ ያሉትን ፓምፖችና የኤሌክትሪክ ክፍሎች ያበላሻል።

የኤቢሲ ጥገና ደረሰኝ ከሌለውና ለጥገና የሚሆን ጥቂት ሺህ ዶላር ካላስቀመጡ አይግዙት።