ለምእመን ግዴታ ጠያቂው ማነው?

በመርካቶ ከሸማ ተራ እስከ ምናለሽ ተራ የሚነግደውን ምእመን ሚዛኑን ገዢው ያይበታል፤ ግብሩንም መንግሥት ይጠይቀዋል። ጾሙንና ዐሥራቱን ግን የሚጠይቀው ማነው? ይህን ለመመርመር የቤተ ክርስቲያናችንን ሥርዓት ሞርሞን ከሚባሉት ሰዎች ልማድ ጋር ማነጻጸር ይጠቅመናል።

የሞርሞን ማኅበር እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1830 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በጆሴፍ ስሚዝ የተመሠረተ ሲሆን፥ ዛሬ በአዲስ አበባም ምእመናን አሉት። ሥላሴ በባሕርይ አንድ አምላክ መሆናቸውን ስለማይቀበል በሃይማኖት ከእኛ የተለየ ነው። ከአባሎቹ የሚፈልገው ነገር ግን በግልጽ የተወሰነ ነው። አባሉ ከገቢው ዐሥራት ያወጣል፤ ቡና፥ ሻይ፥ የሚያሰክር መጠጥና ትምባሆ ይከለከላል፤ በየወሩ አንድ ቀን ጾሞ የምግቡን ዋጋ ለድኻ ይሰጣል። ወደ መቅደሳቸው ለመግባት የሚሻም በአለቆቹ ፊት ስለ እምነቱ፥ ስለ ዐሥራቱና ስለ አኗኗሩ ተጠይቆ የፈቃድ ወረቀት ይቀበላል፤ ወረቀቱም በየ2 ዓመቱ ይታደሳል።

የዚህ ልማድ ፍሬ ለአገራችንም ደርሷል። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ በጸናበት ጊዜ፥ ጥር 19 ቀን በአሜሪካና በካናዳ የሚኖሩ አባሎች በአንድነት ጾመው ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለረሃብተኞች አዋጥተዋል። በሃይማኖት ብንለያይም መልካሙን ሥራ መልካም ማለት ይገባናል።

የእኛ ቀንበር ከዚህ የቀለለ አይደለም። ሰባት አጽዋማት ታዘውብናል፤ ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው። ዐሥራት በኵራት አለብን። በ1965 ዓ.ም. የወጣው ቃለ ዓዋዲም በሰበካ ጉባኤ ተመዝግበን በጉልበት፥ በዕውቀትና በገንዘብ እንድናገለግል ይጠይቀናል። ልዩነቱ ግን በአጠያየቁ ላይ ነው። በመርካቶ ቅዱስ ራጉኤል ደጅ ለመሳለም የሚመጣውን ነጋዴ ወረቀት አሳየኝ የሚለው የለም። የሚመረምረው የንስሐ አባቱ ነው፤ ያውም በምሥጢር፥ ወደ ቅዱስ ቍርባን ሊቀርብ ሲዘጋጅ።

እንግዲህ ጕዳታችን ከዚህ ይጀምራል። ከጎልማሶቻችን ብዙዎቹ አይገባንም እያሉ ከቍርባን ርቀው ይኖራሉ። ከቍርባን የራቀ ሰው ከጠያቂውም ይርቃል፤ የንስሐ አባቱንም የሚያስታውሰው ለክርስትናና ለተዝካር ብቻ ይሆናል። በዚህ መካከል ከሥጋና ከቅቤ እየጾመ በሚዛን የሚያጭበረብር፥ ለበዓል ድግስ ብዙ እያወጣ ዐሥራቱን የሚረሳ ይገኛል።

ይህን ስንል የወረቀትን ሥርዓት መመኘታችን አይደለም። በወንጌል የተነገረለት ፈሪሳዊ ጾሙንም ዐሥራቱንም ያሟላ ነበር፤ ነገር ግን ጸድቆ የተመለሰው ቀራጩ ነው። በሰው ፊት መመስከር ትዕቢትን ሊወልድ ይችላል፤ ያለ ጠያቂ መኖር ደግሞ ቸልተኝነትን ይወልዳል። አባቶቻችን ምርመራውን በንስሐ አባት እጅ ማኖራቸው ከሁለቱም እንድንጠበቅ ነው።

ስለዚህ ካህናት ሆይ፥ የንስሐ ልጆቻችሁን በየቤታቸውና በየሱቃቸው እየጐበኛችሁ ጠይቋቸው። ምእመናን ሆይ፥ ማታ የዕለቱን ሽያጭ ስታስቡ የነፍሳችሁንም ሒሳብ አስቡ፤ ጕድለት ባገኛችሁም ጊዜ ከቍርባን አትሽሹ፥ ወደ ንስሐ አባታችሁ ሂዱ እንጂ። ለዚህም የእግዚአብሔር ቸርነት ይርዳን፤ አሜን።