ለሦስት ዓመት የሚቆም ቤት፦ በእንግሊዝ ገጠር ስለ እርሻ ሠራተኞች ጊዜያዊ መኖሪያና ስለ ፈቃዱ

ባላገር ያደገ ሰው ሁሉ ማማን ያውቃል። እህሉ ማሸት ሲጀምር ወፍና ዝንጀሮ እንዳይፈጀው በማሳው መካከል እንጨት ይተከላል፤ ሣር ይከደንበታል፤ ጠባቂውም እዚያ ያድራል። አዝመራው ሲሰበሰብ ማማው ይፈርሳል። ለዚህ ማመልከቻ የጻፈ ሰው አላየንም። በእንግሊዝ አገር ግን አንድ ገበሬ በገዛ መሬቱ ላይ፥ ከገዛ ላሞቹ አጠገብ፥ ዓመት ከዓመት የሚያድርበትን ካራቫን ሊያቆም ቢፈልግ በቅድሚያ የወረዳውን ምክር ቤት ፈቃድ መጠየቅ አለበት። በጥናት ክበባችን ይህ ነገር ሲነሣ ግማሾቻችን ሳቅን፤ ምክንያቱን ስንመረምር ግን ሳቁ ቀረ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት በእንግሊዝ አገር በየመኪናው መንገድ ግራና ቀኝ ቤት እየተሰካ ገጠሩን ይበላው ነበር። ይህን ለመግታት በ1935 አንድ ሕግ ወጣ፤ አልበቃም። በ1947 የወጣው የከተማና የገጠር ፕላን ሕግ ግን ነገሩን ከሥሩ ለወጠው። መሬቱ የባለቤቱ እንደ ሆነ ቀረ፤ በላዩ የመሥራት መብት ግን ከእጁ ወጣና ፈቃድ የሚጠየቅበት ነገር ሆነ። ማረስና ከብት ማርባት በዚህ ሕግ ፈቃድ አያስፈልጋቸውም። በረትና ጎተራም ቢሆን፥ እርሻው ከ5 ሄክታር ካላነሰ፥ መጠንና ሥርዓት ተወስኖለት በቀላሉ ይሠራል። ለሰው መኖሪያ ግን ይህ ቅለት የለም። እንግዲህ በዚያ አገር ገጠር ለላሚቱ ጣራ ማግኘት ለጠባቂዋ ጣራ ከማግኘት ይቀላል ብንል ብዙ አልተሳሳትንም።

ታዲያ ፈቃዱ በምን ይገኛል? በ2004 የወጣው የመንግሥት መመሪያ ጥያቄዎቹን በግልጽ አስቀምጦ ነበር። በመጀመሪያ፥ ሥራው ራሱ ሰውን ሌሊትና ቀን በቦታው የሚያስቀምጥ መሆን አለበት፤ በግ በሌሊት ስትወልድ፥ ጥጃ በማሕፀን ሲጠማዘዝ፥ የጫጩት ቤት ማሞቂያ በድንገት ሲጠፋ ደራሽ ያስፈልጋልና። ሌባን መጠበቅ ምክንያቱን ሊያጠናክር ይችላል፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ደግሞም ሥራው የአንድ ሰው ሙሉ ሥራ መሆን አለበት። የእርሻ ስሌተኞች ይህን በዓመት 1,900 ሰዓት ይቈጥሩታል። ከዚህም ሌላ በአቅራቢያው ባዶ ቤት ካለ ማመልከቻው እዚያው ላይ ይወድቃል።

ለቋሚ ቤት እርሻው ቢያንስ ሦስት ዓመት የቆየ፥ ከነዚህም ቢያንስ አንዱን ዓመት ያተረፈ መሆን ነበረበት። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። አዲስ ጀማሪ የሦስት ዓመት መዝገብ ከየት ያመጣል? ከብቶቹን ሳያድርባቸው ማርባት አይችልም፤ ከብቶች ሳይኖሩት ደግሞ ማደሪያ አይፈቀድለትም። አባቱ እርሻና ቤት ላላወረሱት ወጣት በሩ ተዘጋ ማለት ነው። ጊዜያዊው ፈቃድ የተበጀው ለዚህ ነው። ለሦስት ዓመት ካራቫን ወይም በቀላሉ የሚፈርስ የእንጨት ቤት ያቆማል፤ እኛ ጥሩ መፍትሔ ብለነዋል። ሆኖም የሚፈቀደው ለማንኛውም ጠያቂ አይደለም። ከልቡ መሆኑን በሥራ ያሳያል፤ ለምሳሌ በረት ለመሥራት ገንዘብ ማውጣቱ ይታያል። የሒሳብ ዕቅዱም ይመረመራል።

ይህ መመሪያ በ2012 ተሽሮ በምትኩ የመጣው ብሔራዊ የፕላን ፖሊሲ ነገሩን በአጭሩ ዘጋው፤ ሠራተኛው በሥራው ቦታ ወይም በአጠገቡ ለመኖር «አስፈላጊ» ምክንያት ይኑረው አለ። በ2013 ከፍተኛው ፍርድ ቤት በአንድ ጉዳይ የትርፍ ፈተናው በአዲሱ ቃል ውስጥ የግድ እንደማይገኝ ወሰነ። ነገር ግን የየወረዳው ምክር ቤቶች በአሮጌዎቹ ጥያቄዎች መጠቀማቸውን አልተዉም፤ በ2019 የወጣው ማብራሪያም ለአዲስ እርሻ የሙከራ ጊዜ የሚሰጥ ጊዜያዊ መኖሪያን በስም ይጠቅሳል።

«ካራቫን» ሲባል አንባቢ በመኪና የሚጎተት ሣጥን እንዳያስብ። በ1968 ሕግ፥ በኋላም በተሻሻለው መሠረት፥ በሁለት ክፍል መጥቶ በቦታው የሚገጣጠም፥ እስከ 20 ሜትር ርዝመትና እስከ 6.8 ሜትር ስፋት ያለው ነገር ሁሉ ካራቫን ነው። ከእኛ መካከል በዚህ ስፋት ቤት ያደገ ብዙ የለም!

ሕጉ እንዲህ የሚጠራጠረው ያለ ምክንያት አይደለም። በሰሪ አውራጃ አንድ ገበሬ ግንብ የመሰለ ቤት በታሰረ ጭድ ክምር ጀርባ ሸሽጎ ሠራ፤ ቤተ ሰቡንም ይዞ እስከ 2006 በዚያው ተደብቆ ኖረ። አራት ዓመት ያልተነካ ቤት አይፈርስም የሚለውን ደንብ ተማምኖ ነበር። ፍርድ ቤቱ በ2010 ጭዱ ራሱ የሥራው ክፍል ነው፥ ዓመቱም የሚቈጠረው ጭዱ ከተነሣ በኋላ ነው ብሎ ፈረደበት፤ ቤቱም በ2016 ፈረሰ። ከኤፕሪል 2024 ወዲህ በእንግሊዝ ለአዲስ ሥራ የአራቱ ዓመት ደንብ ቀርቶ አሥር ሆኗል።

አሁን ወደሚያሳስበን ነገር እንምጣ። ከላይ የተናገርነው ሁሉ ስለ አንድ ገበሬና ስለ አንድ ቤት ነው። እንጆሪና አትክልት ለመልቀም በየዓመቱ የሚመጡት የወቅት ሠራተኞች ግን በሌላ በር ይገባሉ። በ2019 ለሙከራ በተከፈተው የቪዛ ሥርዓት 2,500 ቦታ ተሰጠ፤ ቁጥሩ ኋላ በብዙ ዐሥር ሺሕ ደረሰ፤ የመቆያው ጊዜ ስድስት ወር ነው። የ1960 የካራቫን ሕግ ገበሬው በያዘው መሬት ላይ ለወቅት ሥራ የቀጠራቸውን ሠራተኞች የሚያሳድርበትን ካራቫን ከቦታ ፈቃድ ነጻ ያደርገዋል፤ የፕላን ደንቡም እንዲሁ ያለ ማመልከቻ ይፈቅዳል። ያለው ግዴታ ሥራው ሲያበቃ ካራቫኖቹን ማንሣት ነው።

ልብ እንበል። የቦታ ፈቃድ ማለት ምክር ቤቱ በካራቫኖች መካከል ስላለው ርቀት፥ ስለ እሳት መከላከያ፥ ስለ ውሃና ስለ መጸዳጃ ግዴታ የሚጥልበት ወረቀት ነው። አንዱ ገበሬ ለራሱ ሲለምን መዝገቡ ይገለበጣል፤ መቶ እንግዳ ሠራተኛ ሲያድር ግን ያ ወረቀት አይጠየቅም። ስለ ሠራተኛ ደኅንነትና ስለ ሠራተኛ አቅራቢዎች የወጡ ሌሎች ሕጎች መኖራቸውን አንክድም። ሆኖም የፕላኑ ሕግ ዓይን ያረፈው በመልክዓ ምድሩ ላይ እንጂ በሚተኛው ሰው ላይ አይደለም ብለን እንፈርዳለን። ከክበባችን አንድ ወንድማችን ይህን ተቃውሞ፥ «ፈቃድ ቢጠየቅ ገበሬው ሠራተኞቹን ራቅ ካለ ከተማ በአውቶቡስ ያመላልሳል፤ ድካሙም የነሱው ይሆናል» አለ። መልሱን አልጨረስንም።

ሦስቱ ዓመት ሲያልቅ የሚሆነውን ብቻ እንጨምር። ገበሬው የበጎቹን የመውለጃ መዝገብና ሒሳቡን ይዞ ይቀርባል። ከተሳካለት ቋሚ ቤት ይፈቀድለታል፤ በቤቱም ላይ በእርሻ ወይም በደን የሚሠራ፥ ወይም መጨረሻ ሥራው ያው የነበረ ሰው፥ ባል የሞተባት ወይም ሚስት የሞተችበትም ጭምር፥ ካልሆነ በቀር እንዳይኖርበት ግዴታ ይታሰራል። ካልተሳካለት ካራቫኑ ይነሣል፤ ሁለተኛ ጊዜያዊ ፈቃድ እምብዛም አይሰጥም።