ደም በሌሊት ሲጓዝ፦ ከበጎ ፈቃደኛ ሞተረኞች ባለትዳሮች ምን ይማራሉ?

ውድ ባለትዳሮች፦ ወደ ክሊኒካችን ስትመጡ አብዛኛውን ጊዜ የምንወያየው ስለ እርግዝና መከላከያ፣ ልጆችን አራርቆ ስለ መውለድና ስለ እርግዝና ክትትል ነው። ዛሬ ግን ስለ ደም እንነጋገር። ደም የወሊድ ጉዳይ ስለሆነ የእናንተም ጉዳይ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የሌሊት ተረኛ ሆኜ ሳለሁ አንዲት እናት አምስተኛ ልጇን ተገላገለች። ሕፃኑ አለቀሰ፤ እንግዴ ልጁም ወጣ። ሁላችንም እፎይ ባልንበት ሰዓት ደሙ አልቆም አለ። ማህፀኗን አሸን፤ መድኃኒት ሰጠናት፤ ግን ቶሎ አልቀነሰም። ባለቤቷ ነገሩን ሲሰማ የሸሚዙን እጅጌ ሰብስቦ «የኔን ቅዱና ስጧት፤ ምን ትጠብቃላችሁ?» አለኝ። ደም ግን እንደዚያ አይሰጥም። የሚያስፈልገን ተመርምሮ የተቀመጠ ደም ነበር፤ እሱም የሚገኘው ከከተማው ሌላ ጫፍ ነው። መኪና እስኪገኝ፣ ሄዶም እስኪመለስ ያለው ጊዜ ዓመት ሆነብን። ደሙ ደረሰ፤ እናትየዋም ተረፈች። እኔ ግን ከዚያ ሌሊት ጀምሮ «ደሙን ማን ያመጣዋል?» የሚለው ጥያቄ ከአእምሮዬ አልወጣም።

ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም ለምን ያስፈራል?

ልጅ ከተወለደ በኋላ ማህፀን ተኮማትሮ እንግዴ ልጁ ተጣብቆበት የነበረውን ቦታ የደም ሥሮች ይዘጋቸዋል። ማህፀን ሳይኮማተር ከላላ ግን ደሙ ይቀጥላል። ግማሽ ሊትርና ከዚያ በላይ ከፈሰሰ አስጊ ነው እንላለን። በዓለም ላይ እናቶችን ከሚገድሉት ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው። ብዙ ጊዜ የወለደች፣ መንታ ያረገዘች ወይም ምጥ የረዘመባት እናት ይበልጥ ትጋለጣለች። ደም ማነስ ያለባት ደግሞ ጥቂት ቢፈሳትም ትጎዳለች። ሆኖም አንዳች ምልክት ያልታየባትም እናት ሊደርስባት ስለሚችል «እኔ ጤነኛ ነኝ» ብሎ መዘናጋት አይገባም።

የእንግሊዝ አገር ሞተረኞች

ይህን ችግር ለማቃለል በእንግሊዝ አገር ተራ ሰዎች ያደረጉትን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከለንደን አጠገብ ባለው የሰሪ አውራጃ ሞተር ብስክሌት ያላቸው ሰዎች ተሰባስበው ደም ለሆስፒታሎች በነፃ ማድረስ ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1981 ሰርቭ የተባለው ማኅበር ተመሠረተ። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ በየአካባቢው ያሉት ማኅበራት አገር አቀፍ ኅብረት አቋቋሙ። ሕዝቡም «የደም ሞተሮች» ይላቸዋል።

ሥራቸው በአብዛኛው የሆስፒታሉ መደበኛ ማመላለሻ በማይሠራበት ጊዜ፣ ማለትም በሌሊት፣ በሰንበትና በበዓላት ነው። ቀን የየራሳቸው እንጀራ አላቸው፤ አንዱ አስተማሪ፣ ሌላው ነጋዴ ወይም ጡረተኛ ሊሆን ይችላል። ሆስፒታሉ ስልክ ሲደውል ተረኛው አስተባባሪ ጥሪውን ተቀብሎ ተረኛውን ሞተረኛ ያስነሳል። ሞተረኛው የታሸገውን ሳጥን ፈርሞ ይረከባል፤ አድርሶም ያስፈርማል። መንገዱ ሩቅ ከሆነ እኩል መንገድ ላይ ለጎረቤት ማኅበር ሞተረኛ ያስረክባል። ከደም ሌላ የምርመራ ናሙና፣ መድኃኒት፣ ያለ ጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናትም ሌሎች እናቶች የለገሱትን የጡት ወተት ያደርሳሉ። ሆስፒታሉን አንድ ሳንቲም አይጠይቁም፤ ወጪው የሚሸፈነው ሕዝቡ በሚያዋጣው ገንዘብ ነው።

«እንግዲያው እንደ ነፋስ ይበራሉ» ትሉ ይሆናል። አይደለም። በአብዛኛው እንደ ማንኛውም ተጓዥ የፍጥነት ገደብ ያከብራሉ፤ ከፍ ያለ የአነዳድ ፈተናም ያልፋሉ። ጊዜ የሚያተርፉት ሞተር በመኪና መጨናነቅ መሐል ስለሚያልፍና ከሁሉም በላይ ሰዎቹ አስቀድመው ተዘጋጅተው ስለሚጠብቁ ነው።

ደም ለምን ጥንቃቄ ይሻል?

ቀይ የደም ሕዋስ የሚቀመጠው ከ2 እስከ 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ቅዝቃዜ ነው። ሙቀት ካገኘው ጀርም ይራባበታል፤ በረዶ ከሠራ ደግሞ ሕዋሱ ይፈነዳል። በቅዝቃዜም ቢሆን የሚቆየው ለ5 ወይም ለ6 ሳምንት ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ዛሬ የተለገሰ ደም ለዘለዓለም አይቀመጥም፤ ሁልጊዜ አዲስ ለጋሽ ያስፈልጋል። ከመሰጠቱም በፊት ዓይነቱ ይለያል፤ ኤች አይ ቪ፣ የጉበት በሽታ ቢና ሲ፣ ቂጥኝም እንደሌለበት ይመረመራል። ይህ ሁሉ ጊዜ ይወስዳል። ለምትደማ እናት የሚደርሰው እንግዲህ ዛሬ የሚቀዳው ሳይሆን ቀደም ብሎ የተለገሰው ደም ነው።

የባል ደም ለሚስት ይሆናል?

ያ አባት የጠየቀኝን ብዙ ባሎች ይጠይቃሉ። የደም ዓይነታቸው ቢገጥም እንኳ ገና ልትወልድ ለምትችል ሚስት ባሏ ደም እንዲሰጥ አይመከርም። የሚስት ሰውነት የባሏን ደም እንደ ባዕድ ቆጥሮ መከላከያ ሊያመርት ይችላል። ወደፊት ስታረግዝ ያ መከላከያ ከአባቱ የወረሰ ደም ያለውን ፅንስ ሊጎዳ ይችላል።

ታዲያ ባል ምን ያድርግ? ለሌላ ሰው ሚስት ይለግስ። የእሱንም ሚስት የሌላ ሰው ባል ይደርስላታል። የእንግሊዝ አገሩ ሞተረኛም ሳጥኑ ውስጥ ያለው ደም ለማን እንደሆነ አያውቅም፤ የዳነችው እናትም ስሙን አታውቀውም። ሥራው የቆመው በዚህ ነው።

ባለትዳሮች ከአሁኑ ምን ያድርጉ?

1. ሁለታችሁም የደም ዓይነታችሁን እወቁ። ሚስት አርኤች ኔጌቲቭ፣ ባል ፖዘቲቭ ከሆናችሁ በክትትል ጊዜ ለአዋላጇ ንገሩ። ሕፃኑ ፖዘቲቭ ሆኖ ከተወለደ እናትየዋ በ72 ሰዓት ውስጥ የምትወጋው መከላከያ መርፌ አለ።

2. በእርግዝና ጊዜ የሚሰጠውን የብረት ማዕድን እንክብል ሳታቋርጡ ውሰዱ። ጎመን፣ ምስርና ሥጋም ይረዳሉ።

3. ከአንዱ ልጅ ወሊድ እስከሚቀጥለው እርግዝና ቢያንስ 2 ዓመት ይሁን። ሰውነት ያጣውን ደም የሚተካው በዚህ ጊዜ ነው።

4. ወሊድ በጤና ተቋም ይሁን። በሌሊት የሚወስዳችሁን መኪና፣ አብሯችሁ የሚሄደውን ሰውና የገንዘቡን ነገር 8ኛው ወር ሳይገባ ተነጋገሩ።

5. ባል ሆይ፣ ጤነኛ ከሆንክ፣ ዕድሜህ ከ18 እስከ 65፣ ክብደትህም 45 ኪሎና ከዚያ በላይ ከሆነ በየ3 ወሩ ደም መለገስ ትችላለህ። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ግን አትለግስም።

ያ እጅጌውን የሰበሰበው አባት ሚስቱ ከዳነች በኋላ «ታዲያ የኔ ደም ለማን ይሆናል?» ብሎ ጠየቀኝ። የደም ባንኩን መንገድ አሳየሁት። በኋላም ልጁን ሊያስከትብ ሲመጣ የለጋሽነት ካርዱን ከኪሱ አውጥቶ አሳየኝ። ሞተር የለውም፤ ነገር ግን ደሙ አንዲት የማያውቃት እናት ዘንድ ደርሶ ይሆናል።

ውድ ባለትዳሮች፦ ዛሬ ከክሊኒኩ ስትወጡ በመንገድ ላይ ሁለት ነገር ተጠያየቁ፦ «የደም ዓይነትህ ምንድን ነው? የደም ዓይነትሽስ?» መልሱን ካላወቃችሁ ነገ ተመርመሩ።