ሸክምን ተካፍሎ ስለ መኖር

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፤ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» ይባላል። ይህን ቃል ሁላችን እናውቀዋለን፤ በቤታችን የምንሠራበት ግን ጥቂቶች ነን። አባት ጭንቀቱን ለብቻው ይሸከማል፤ እናት ኀዘንዋን ትሸሽጋለች፤ ልጆችም የቤቱን ችግር ሳያውቁ ያድጋሉ። ስለዚህ በአሜሪካ ምድር ስለ ኖረ ስለ አንድ ድኻ ገበሬና ስለ ቤተ ሰቡ እንማር።

ቻርልስ ኢንገልስ በፈረንጆች ቍጥር በ1836 ዓመት በኒው ዮርክ ግዛት ተወለደ፤ በ1860ም አስተማሪ የነበረችውን ካሮላይን ኵዊነርን አገባ። በ1862 የአገሩ መንግሥት አዲስ ሕግ አወጣ፤ ይኸውም በተሰጠው ምድር ላይ አምስት ዓመት ተቀምጦ ያረሰ ሰው ጥቂት የመዝገብ ገንዘብ ከፍሎ 160 ኤከር እንዲወርስ ነው። ብዙ ሕዝብም በሠረገላ ወደ ምዕራብ ጐረፈ። ነገር ግን ያ ምድር ሁሉ ባለቤት ያልነበረው አይምሰልህ። ቻርልስ ራሱ በ1869 በካንሳስ ቤት የሠራበት ስፍራ የኦሴጅ ሕዝብ ርስት ነበረ፤ በ1871ም ትቶት ተመለሰ። የሰውን ሕይወት ለትምህርት ስንመለከት ስሕተቱንም እንይ፤ በሌላ ሰው ርስት ላይ የተደረገ ትጋት ትክክል አይሆንምና።

በ1874 ወደ ሚኒሶታ ሄዶ ስንዴ ዘራ። በ1875 ግን አንበጣ ወርዶ አዝመራውን በላ፤ በምድርም ውስጥ እንቍላሉን ጥሎ ለሚመጣው ዓመት ሌላ ጥፋት አዘጋጀ። በዚያ ዓመት በኅዳር ወር ቻርልስ ምንም እንደሌለው በፊርማው አረጋግጦ ለቤተ ሰቡ ከመንግሥት ሁለት ግማሽ በርሜል ዱቄት ተቀበለ። እጁ ሥራ ለለመደ ሰው ይህ ፊርማ ከማረስ ይልቅ ይከብዳል። እርሱ ግን ስሙን ለማክበር ሲል ልጆቹን አላስራበም። በ1876 ደግሞ ዓመት ያልሞላው ወንድ ልጁ ሞተ።

በ1879 የበኵር ልጁ ሜሪ በ14 ዓመትዋ ታማ ዓይንዋ ጠፋ። በዚያው ዓመት ቤተ ሰቡ ወደ ዳኮታ ተሻገረ። ከ1880 እስከ 1881 በነበረው ጽኑ ክረምት በረዶ የባቡሩን መንገድ ስለ ዘጋው እህልም ማገዶም አልቆ ነበር፤ እነርሱም ድርቆሽ እየገመዱ አነደዱ፤ ስንዴውንም በቡና መፍጫ እየፈጩ በሉ። በዚህ ሥራ አባትም እናትም ልጆችም ተራ ገቡ።

ከዚያ መከራ በወጡበት ዓመት፣ በ1881፣ ሜሪን በአዮዋ ወዳለው የዕውራን ትምህርት ቤት ላኩአት። የትምህርቱን ዋጋ የዳኮታ አስተዳደር ከፈለ፤ ልብሱንና የመንገዱን ወጪ ግን ቤተ ሰቡ ማግኘት ነበረበት። አባትዋ በአናጢነት ሠራ፤ ታናሽ እኅትዋ ሎራም አስተማሪ ሆና ደመወዝዋን ለቤቱ አገዘች። ሎራ አስቀድሞም ያየችውን ሁሉ ለእኅትዋ በቃል እየሳለች ትነግራት ነበር። ይህች ልጅ በ1932፣ በ65 ዓመትዋ፣ ስለ ልጅነትዋ የመጀመሪያውን መጽሐፍ አሳተመች። ለዕውር እኅትዋ ስትል የለመደችው ነገር ለራስዋ ጥበብ ሆኖ ተመለሰ። ሜሪም በ1889 ትምህርትዋን ፈጸመች።

ቻርልስ በ1886 የምድሩን ማረጋገጫ አገኘ፤ ነገር ግን እርሻው ስላላበለጸገው በኋላ ወደ ከተማ ገብቶ በእጁ ሥራ ኖረ፤ በ1902ም ሞተ። ባለጠጋ አልሆነም። ሆኖም ዕውር ልጁን እንደ እፍረት ቈጥሮ በጓዳ አልሸሸጋትም፤ ችግሩንም ከሚስቱና ከልጆቹ አልደበቀም።

አንባቢ ሆይ፣ አንተስ? አባት ብትሆን፣ ችግርህን የደበቅኸው ቤተ ሰብህን ለማሳረፍ ነውን ወይስ ክብርህን ለመጠበቅ? ተማሪ ብትሆን፣ ለደብተርህ የተከፈለው ገንዘብ ከማን ጕልበት እንደ ወጣ ታውቃለህን? በቤታችሁስ ደካማ ሆኖ የተረሳ ማን ነው? ዛሬ ማታ ከቤተ ሰብህ ጋር ተቀምጠህ ይህን ተነጋገር፤ ከሸክሙም አንዲት ሎሚ አንሣ።