ደንባራ ፈረስን ያለ ጉዳት ስለ ማሰር

ፈረስ በኢትዮጵያ ታሪክ የተከበረ እንስሳ ነው። ዳግማዊ ዓፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፥ ደጃዝማች ባልቻም አባ ነፍሶ የተባሉት በፈረሳቸው ስም ነው። ነገር ግን መልካም ፈረስም ቢሆን አስተሳሰሩን በማያውቅ ሰው እጅ ሲገባ ራሱንም ሰውንም ይጎዳል።

ከአምቦ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በእጃጂ ፈረስ ይዞ የሚወጣ ሰው፥ ከባድ መኪና በድንገት ሲያልፍ ፈረስ እንደሚደነብር ማሰብ ይገባዋል። ገመዱን ያዝ የሚባለውም ብዙ ጊዜ ልጅ ነው። ልጁ ፈረሱ እንዳያመልጠው ብሎ ገመዱን በእጁ ቢጠመጥም፥ ፈረሱ በደነበረ ጊዜ ገመዱ ይጠብቅበታል፤ ሊለቅ ቢወድም እጁ አይወጣለትምና እየተጎተተ ይሄዳል። ስለዚህ መምህራን ከሁሉ አስቀድመው ይህን ያስተምሩ፤ የፈረስ ገመድ በመዳፍ ይጨበጣል እንጂ በእጅም በወገብም አይጠመጠምም።

ፈረስ የሚታገለው ከክፋት የተነሣ አይደለም። ሲፈራ መሸሽ ተፈጥሮው ነው፤ ራሱ ሲያዝበት ፍርሃቱ ይጨምራል፥ ወደ ኋላም ይጎትታል። ያን ጊዜ እርሱን መምታት «ደንባራ በቅሎ ቃጭል ተጨምሮላት» እንደ ተባለው ነው። ልክ በስተኋላው ያለውንም ስለማያይ፥ የሚቀርበው ሰው በጎኑ በኩል ድምፁን እያሰማ ይምጣ።

አስተሳሰሩም እንዲህ ነው።

1ኛ፤ በልጓም አይታሰር። ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ በ3ኛው ምዕራፍ እንዳመለከተው ልጓም ፈረስን ለመምራት ነው። በታችኛው መንጋጋ የሚገባው የብረት ቀለበት ፈረሱ ሲጎትት አፉን ያቆስላል። በአንገቱም ሸምቀቆ አይግባ፤ ያንቀዋልና። በራሱ ላይ በሚጠለቅ ሰፊ ጠፍር ይታሰር።

2ኛ፤ በጸና ዛፍ ወይም በጥልቅ በተተከለ ምሰሶ ይታሰር። የአጥር እንጨት ቢነቀል እየተጎተተ ስለሚከተለው የባሰ ያስደነብረዋል።

3ኛ፤ ቋጠሮው ከፈረሱ ደረት ከፍ ይበል፥ የገመዱም ርዝመት ክንድ ተኩል ያህል ይሁን። ቢረዝም እግሩ ይገባበታል፤ ቢያጥር አንገቱን ያስጨንቀዋል።

4ኛ፤ የገመዱ ጫፍ ታጥፎ በቋጠሮው ይግባ፤ በጭንቅ ጊዜ ጫፉ አንድ ጊዜ ሲሳብ ይፈታል። ጣት ግን በቋጠሮው ውስጥ አይግባ።

5ኛ፤ መጎተት የለመደ ፈረስ በታጠረ ግቢ ሲታሰር፥ በምሰሶው ላይ የሲባጎ ቀለበት ተደርጎ ገመዱ በእርሱ ይታሰር። ሲጎትት ሲባጎው ይበጠሳል እንጂ አንገቱ አይጎዳም። በመኪና መንገድ አጠገብ ግን እንዲህ አይደረግም፤ የሚያውቀው ጎልማሳ ይያዘው።

ፈረስ በአንድ ቀን አይለምድም። በየዕለቱ ጥቂት ጥቂት፥ ገመዱ ሳይቋጠር በምሰሶው ዞሮ ጫፉን ሰው ይያዘው። ፈረሱ ሲጎትት ይላላለት፤ ወደ ፊት ሲራመድ አንገቱ ይዳበስ። ሽማግሎችም ይህን በለዘበ ፈረስ ላይ ለልጆች ቢያሳዩ ትምህርቱ በቃል ብቻ አይቀርም። የልጅ እጅ ከተሰበረ በኋላ የሚሰጥ ምክር ዘግይቷልና።

ጥያቄ፤
1. ገመድ በእጅ የማይጠመጠመው ስለ ምንድን ነው?
2. ፈረስ በልጓም ቢታሰር ምን ይጎዳዋል?
3. የገመዱ ጫፍ ታጥፎ በቋጠሮው የሚገባው ለምንድን ነው?