ከሸርጣን ቅርፊት ግሉኮሳሚንን በኤንዛይም ስለ ማውጣት



ጠላ ሲጠመቅ ብቅሉ የእህሉን ስታርች ቈራርጦ ስኳር ያደርገዋል። ይህንንም የሚሠራው በብቅሉ ውስጥ ያለው ኤንዛይም ነው። ኤንዛይም ማለት ሕይወት ያለው ፍጥረት የሚያበጀው፥ አንዱን ነገር ወደ ሌላ የሚለውጥ፥ ራሱ ግን በሥራው የማያልቅ ነገር ነው። የዛሬውም ትምህርታችን ከዚሁ የራቀ አይደለም።

በባሕር ጠረፍ ባሉ አገሮች የሸርጣንና የሽሪምፕ ቅርፊት ከየፋብሪካው በብዛት ይጣላል። ቅርፊቱ በቀጭን አሲድ ኖራው፥ በኮስቲክ ሶዳ ፕሮቲኑ ሲወጣለት ካይቲን የሚባለው ይቀራል፤ ካይቲንም በወፍራምና በትኩስ ሶዳ ሲቀቀል ካይቶሳን ይሆናል። ካይቶሳን በውሃ አይሟሟም፤ ኮምጣጤን በመሰለ ደካማ አሲድ ግን ይሟሟል። እርሱም እንደ መቍጠሪያ የተያያዘ ረጅም ሰንሰለት ነው፤ ፍሬዎቹም አብዛኞቹ ግሉኮሳሚን ናቸው። ግሉኮሳሚን ለመገጣጠሚያ ሕመም እየተባለ በክኒን የሚሸጠው ነው።

ጀርመናዊው ጌዮርግ ሌደርሆዘ በአውሮጳ አቈጣጠር በ1876 ዓ.ም. ግሉኮሳሚንን በብርቱ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ከቅርፊት አወጣ። ዛሬም በዚሁ መንገድ የሚሠሩ ፋብሪካዎች አሉ። ነገር ግን አሲዱ ሰንሰለቱን ሲበጥስ ከፍሬውም ያበላሻል፤ ዝቃጩም ሳይጣራ ወንዝ ቢገባ ዓሣውን ይፈጃል።

በኤንዛይም ሲሠራ ግን ሁለት ዓይነት ቈራጮች ያስፈልጋሉ። አንደኛው ካይቶሳኔዝ ሰንሰለቱን ከመካከል እየቈረጠ ያሳጥረዋል፤ ብቻውን ቢሆን ግን ሁለት ሁለት፥ ሦስት ሦስት ፍሬ ያላቸው ቍራጮች ይቀራሉ። ሁለተኛው ግሉኮሳሚኒዴዝ ከጫፍ ጀምሮ አንድ አንድ ፍሬ ያወርዳል። የፊተኛው ብዙ ጫፍ ስለሚከፍት የኋለኛው ሥራ ይፈጥናል። እነዚህም ከባክቴሪያና ትሪኮደርማ ከሚባለው ሻጋታ ይገኛሉ። ሥራው ለብ ባለ ሙቀት ይፈጸማል፤ ከፈላ ኤንዛይሙ ይሞታል።

ሆኖም አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል። ኤንዛይሙ ያስቀረው የኋለኛውን አሲድ ብቻ ነው፤ ካይቶሳኑን ለማዘጋጀት የፈሰሰው ሶዳ እንዳለ ነው። ስለዚህ «ሥራዬ በኤንዛይም ነው» ማለት ብቻውን የንጽሕና ምስክር አይሆንም።

ይህም ለባሕር አገር ብቻ የተነገረ አይደለም፤ በአገራችን ያለው የቆዳ ፋብሪካም በኤንዛይም ይጠቀማል። እንግዲህ ፈቃድ የሚጠይቅ ሲመጣ ሹሙ ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ ኤንዛይሙ የሚገባው በየትኛው ደረጃ ነው? በቀሩት ደረጃዎች የሚፈሰው ምንድን ነው? እጣቢውስ ወዴት ይሄዳል? መልሱን በቃል ብቻ አይቀበል፤ እስከ ወንዙ ዳር ወርዶ በዓይኑ ይመልከት። ከታች ያለው ገበሬ ከብቱን የሚያጠጣው ከዚያው ውሃ ነውና።